የማሰራጫው ጉልበት ሲቀነስ

ጡረታ የወጡት የውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ሦስተኛውን የዋይፋይ ማሰራጫ ከነካርቶኑ አቅፈው ደረጃውን ሲወጡ፣ ከላይ ትወርድ ከነበረችው የጎረቤት ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ ኔትወርክ ተምራ በዚያው ሙያ ሥራ የያዘች ናት። ካርቶኑን ስታይ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ሌላ ገዙ እንዴ?»

«ምን ላድርግ ልጄ! ሁለቱም እምቢ አሉኝ። ባለቤቴ ተስፋ ልትቆርጥብኝ ነው።»

ባለቤታቸውን ስትሮክ አንደበታቸውን ከያዛቸው ወዲህ፣ ሌላ ከተማ ያለች ሐኪም በታብሌት እያየች ንግግር ታለማምዳቸዋለች። ታዲያ ስንት ታግለው አንድ ቃል ሲጀምሩ ምስሉ ቀጥ ይላል። ባለፈው ታብሌቱን ገፍተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሽማግሌው ያን አይተው እንደ ልማዳቸው ተጨማሪ ጉልበት ፍለጋ ወደ ሱቅ ሄዱ።

«የማሰራጫዎቹን ኃይል ስንት ላይ አድርገውታል?» አለች ልጅቱ።

«መጨረሻው ላይ ነዋ! ሁለቱንም! ዕድሜ ልኬን ፓምፕ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሃ አራተኛ ፎቅ አልደርስ ካለ ግፊት ትጨምሪያለሽ፤ አለቀ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ውሃ ከደረሰ በቃው፤ ዋይፋይ ግን መልስ ይፈልጋል። የሳሎኑ ማሰራጫ ሲጮህ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ታብሌቱ ግን አቅሙ ትንሽ ነው፤ መልሱ ሳሎን ሳይደርስ ይቀራል።»

«መኝታ ቤትም እኮ ከራስጌዋ በላይ ሌላ ሰቅያለሁ!»

«ታብሌቱ የሳሎኑን እስከሰማ ድረስ እሱን አለቅም ይላላ! ሁለቱ ደግሞ ባንድ ቻናል፣ ማለትም ባንድ የሞገድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሦስተኛ ሲጨመር ሰልፉ ይረዝማል።»

«እና ልቀንስ? የቸገረው ሰው ቀንስ ሲባል የት ሰምተሻል?»

በእሳቸው መፍረድ አይገባም። ብዙዎቻችን ነገር እምቢ ሲለን እንጮሃለን፣ እንገፋለን፤ የት ጋ እንደተያዘ መጠየቅ ግን አይቀናንም። ልጅቱ ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩልኝ። ካልሆነ እንደነበረ እመልሰዋለሁ፤ አዲሱንም ራሴ እሰቅልልዎታለሁ።»

ገብተው ሳሎን ተቀመጡ። ሽማግሌው እስከዛሬ ፈርተው ያልነኩትን የሴቲንግ ገጽ በስልካቸው ከፈተችላቸው፤ ማስተካከሉን ግን ለእሳቸው ተወችው።

«የሳሎኑን ቻናል አንድ፣ የመኝታ ቤቱን አሥራ አንድ ያድርጉ። የቻናሉ ስፋት ሃያ ሜጋኸርዝ ላይ ይሁን፤ ከሰፋ የጎረቤትንም ይጋፋል። አሁን የሳሎኑን ኃይል ወደ መካከለኛ ያውርዱት።»

እዚህ ላይ ጣታቸው አመነታ። «ዛሬም ከተቋረጠባት ዳግመኛ እሺ አትለኝም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ነኩት።

በቀጠሮው ሰዓት ሐኪሟ ስትደውል፣ መኝታ ቤት የተኙት ባለቤታቸው እትዬ በግድ ቀና አሉ። አንድ ቃል ተጀመረ፣ ተጨረሰ፤ ሌላ ተከተለ። ሲንተባተቡ ሐኪሟ ታገሰች፤ ምስሉም አልተቋረጠም። ሽማግሌው በሩ ጋ ለቆመችው ልጅ አንሾካሾኩላት።

«ለካ የራሴ ማሰራጫዎች ናቸው ሲጣሉ የኖሩት!»

«አዎ ጋሼ። ደግሞ ታብሌቱ ቅርቡን ስላገኘ ባትሪውም ይቆይለታል፤ የታችኛው ቤት ሰዎችም ከእርስዎ ጩኸት ያርፋሉ።»

«እነሱም መጨረሻው ላይ ሳያደርጉት አይቀሩም። እኔው ወርጄ አስረዳቸዋለሁ። ቀንሱ ነው የምላቸው!»

ሐኪሟ የሽማግሌውን ድምፅ ሰምታ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ እዚያ ጋ የሚያወሩት ማን ናቸው?»

«ባ... ባሌ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። ከንፈራቸው ተከፍቶ ተዘጋ፤ እንደገና ተከፈተ።

«ግ... ግትር!» አሉ፣ ጥርት አድርገው።

ሽማግሌው እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ሳቁ። «እውነቷን ነው ዶክተር! እባክሽ አስደግሚያት፣ ደግማ ትበለው!»