ሰብለን ያስቀራል ያልኩት በረዶ

በእኛ ጊዜማ፣ እንዲህ እንደ እናንተ ስልክ ከፍቶ በረዶው በስንት ሰዓት እንደሚጥል ማየት የለም፤ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ያንን የአየር ጠባይ የሚናገር ሰውዬ መጠበቅ ነው። ታዲያ እሱም አያውቀው! አንቺ ልጅሽን እያጠባሽ ስሚኝ።

ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው የስደተኛ ሰፈር፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ፣ እኔና ሙሉ በር ለበር ነን። ሱዳን በስደት ሳለን አንድ ጀሪካን ውሃ ተካፍለን የጠጣን ነን። ምጧ ሲመጣ ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ፣ ወገቧን ያሸሁት እኔ፣ ገንፎዋን ያገነፋሁት እኔ። እና ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ሲል፣ ክርስትና የሚያነሳት ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኛ! ታዲያ አንድ ቀን የልጅቷን ልብስ እያጣጠፍን፣ «ጥሩዬ፣ ሰብለ እሺ አለችኝ» አትለኝም!

«ምኑን?»

«ክርስትና ልታነሳልኝ ነዋ። እንግሊዝኛውን ትችላለች፣ ኦፊስ ነው የምትሠራው፣ ነገ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ትረዳታለች ብዬ።»

እኔ ምን አልኩ? «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ» አልኩ። ውስጤ ግን ነደደ። ሰብለ ማን ናት? ከከተማው ማዶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የምትኖር፣ አንድ ቀን ብቅ ብላ ልጅቷን በጓንት የነካች! በጓንት እኮ ነው የምልሽ! እና እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምግብ እምቢ አለኝ፣ ስሟ ሲነሳ ጆሮዬ ይግላል።

ታዲያ የክርስትናው ዋዜማ ሰውዬው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ካርታው ላይ በረዶም አለ፣ ዝናብም አለ። «ሜይቢ» ይላል፤ በረዶ ሊጥል ይችላል፣ ዝናብ ሊሆን ይችላል፣ ከከተማው ሥር ወዳለው ሐይቅ ዞሮ ሊያልፈንም ይችላል። ከረባት አስሮ! እኔ ከሶፋው ላይ፣ «ይጥላል በል! ይጥላል በል እንጂ!» እለዋለሁ። ለምን አትዪኝም? ሰማንያ ቀን ለሌላ ቀን አይተላለፍም፣ ቄሱም ሰው አይጠብቁም። ባስ ከቆመ ሰብለ ከዚያ ከቶርንክሊፍ በምን ትመጣለች? እሷ ከቀረች ደግሞ አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ!

እና ያ «ሜይቢ» አላስቀምጥ አለኝ፣ ስልኩን አነሳሁ።

«ሰብልዬ፣ ሰማሽ ወይ? ነገ ጉድ ነው የሚወርደው፤ በረዶው እስከ ጉልበት ነው አሉ፣ ባስም አይኖርም።»

«ውይ! እኔ ምናልባት ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«ኧረ ምናልባት የለም፣ ቁርጥ ነው! አንቺ አትጨነቂ፣ እኛ እዚህ አለን።»

«እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት፣ ባትነግሪኝ ምን ይውጠኝ ነበር» ብላ ዘጋችው።

ደስ ብሎኝ ነጭ ቀሚሴን ተኮስኩ፤ እያንጎራጎርኩ ነው የተኮስኩት። ታዲያ ገና ሳይመሽ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት፣ ሰብለ! ሻንጣዋን ይዛ፣ ቀሚሷን በመስቀያ አንጠልጥላ! «መንገዱ ሳይዘጋ እዚሁ ልደር ብዬ መጣሁ» አትለኝም! ሙሉ ደግሞ ከኋላዋ ሆና፣ «የኔ ቤት በእንግዳ ሞልቷል፣ አንቺ ጋ ትደር» አለች። እና ምን ላድርግ፣ አልጋዬን ለቀቅኩላት፣ እኔ ሶፋ ላይ።

ጠዋት መጋረጃውን ብገልጥ ምድሩ የለም! መኪናው ሁሉ ተቀብሯል፣ ባሱ ቀጥ ብሏል። ሰብዌዩ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ብቻ ይሠራል፣ እሱ ደግሞ ከእኛ ቤት በእግር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ልጅቷ ከውሃው ስትወጣ የተቀበለቻት ሰብለ፣ እኔ የሰብለን ኮት ይዤ ቆሜያለሁ። ኮት! ሙሉ መጥታ አቀፈችኝና ምን አለችኝ? «ጥሩዬ ተባረኪ። አንቺ ባትደውዪላት ቀርታ ነበር፤ ያኔ ጨንቆኝ አንቺኑ ክርስትና ላስነሳ ነበር።»

«ታዲያ እማማ፣ በመዋሸትዎ አልተጸጸቱም?» አልኳቸው፣ ልጄን እንዳቀፍኩ።

«ውሸቱማ እውነት ሆነ፣ ምኑ ይጸጽተኛል?» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «መደወሌ ነው እንጂ ልጄ፣ መደወሌ! ዝም ብል ኖሮ እኮ ሰማዩ ራሱ ይጨርስልኝ ነበር።»