የኢልሀም ኢሜይል የማን ነው?

አብራርን ያገኘሁት አገኘዋለሁ ብዬ ባላሰብኩበት ቦታ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቁን በገበያ ቀን ዘግቶ፣ ከዩኒቨርሲቲያችን በር ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሟል። የጋምቤላን የከሰዓት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ያለ ብርቱ ጉዳይ እዚያ እንደማይቆም ይገባዋል። ባዶ ባጃጆች አጠገቡ እየቆሙ ያልፋሉ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም።

እኔ ፍሬሰንበት እባላለሁ። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አዋላጅ ነርሶችን አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቹን የመስክ ልምምድ የማስተባብረውም እኔ ነኝ። አብራር ጎረቤቴ ነው፤ ሚስቱ ኢልሀም ደግሞ ተማሪዬ ናት። ለደንበኛ ፈገግታ የማይነፍግ፣ ቀና ነጋዴ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ይቀናል። የሚስቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ባንኮኒው ኋላ ፊቱ እንደሚለዋወጥ ሰፈራችን ሁሉ ያውቃል።

«እንደምን ዋልክ አብራር? ባጃጅ እየጠበቅክ ነው?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ… ማለቴ፣ አይደለም። ኢልሀምን ልወስዳት ነው» አለና ላቡን ጠረገ።

«እንደምትጠብቃት ታውቃለች?»

ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ከዛፉ ሥር ካለው የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከዚያ ሲያሳስበው የከረመውን አወጣው።

«ጋሼ፣ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተማሪ ሁሉ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ካልተጠቀመ አይሆንም ያላችሁት ምን ነክቷችሁ ነው? ኢልሀም እኮ ኢሜይል አላት። ትምህርት ስትጀምር እኔ ራሴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው የከፈትኩላት። በእሷም ስልክ ይገባል፣ በእኔም ስልክ ይገባል። እስከ ዛሬ ስትማርበት ምን ጎደለባት?»

«ፓስዎርዱን ታውቀዋለህ ማለት ነው?»

«ታዲያ ማን ሊያውቀው ነው? ባሏ ነኝ እኮ!»

ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ብዙ ባሎች፣ ብዙ አባቶችም እንዲሁ ያስባሉ፤ ስለዚህ ላቋርጠው አልፈለግሁም።

«እኛ አንድ ነን ጋሼ። አንድ ከሆንን ሁለተኛ ቁልፍ ምን ያደርጋል? እናንተ ግን እኔ የማላውቀውን በር ለሚስቴ ትከፍቱላታላችሁ። በዚያ በር ማን ይግባ ማን ይውጣ በምን አውቃለሁ? ወላሂ፣ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኛል።»

«ማን ይገባል ብለህ ነው የፈራኸው?»

ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀምስ» አለ።

ጀምስንም አስተምረዋለሁ። የማታር ከተማ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ትጉ። ማታር ጤና ጣቢያ ወርዶ አንድ ወር የሚለማመደው ቡድን መሪ እሱ ነው፤ ኢልሀምም የተመደበችው እዚያው ቡድን ውስጥ ነው።

«ስልኳ ጢን ሲል አየዋለሁ፤ ጀምስ ነው። ስለ ትምህርት ነው ትለኛለች። ይሁን እሺ፣ ስለ ትምህርት ነው። ግን እሱ ሲጽፍላት ትስቃለች ጋሼ። እኔ ሳወራት እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። ሰውየው እውነተኛ ሕመም ይዞታል። ቢሆንም ሕመሙ ምን እንዳስደረገው የምጠረጥረው ነገር ስለነበረኝ ወደዚያው ወሰድኩት።

«ማታርን ካነሳህ አይቀር፣ ባለፈው ሳምንት ኢልሀም ከልምምዱ ቀርቻለሁ ብላ ጽፋልኛለች። በጣም ነው የደነገጥኩት።»

አብራር ቀና አለ። «ታዲያ ተቀበላችሁ?»

«ለምን ቀረች ብለህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር» አልኩት።

ከንፈሩን ነከሰ።

«አልተቀበልነውም» ስል ቀጠልኩ። «የመጣው ከግል ኢሜይሏ ነው። ከዚህ ሴሚስተር ወዲህ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ያልመጣ ጥያቄ አይታይም።»

«ስሟ አለበት አይደል እንዴ? ስሟ ካለበት ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ስም ማንም ይጽፋል። ኢልሀም ቲቸር እንጂ ጋሼ ብላኝ አታውቅም። መልእክቱ ግን ‹ጋሼ ፍሬሰንበት› ብሎ ነው የሚጀምረው። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ጎረቤቴ ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። መሬት መሬት እያየ በጫማው አፈሩን ጫረ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ በመጨረሻ። «አንድ ወር ብትቀር ምን ትሆናለች ብዬ ነው።»

«ልምምዱ በዓመት አንዴ ነው አብራር። አንድ ወር አይደለም የምትቀረው፤ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። በል እስቲ ልጠይቅህ፣ የሱቅህ ማኅተም የት ነው የሚቀመጠው?»

«መሳቢያ ውስጥ፣ ተቆልፎ።»

«ለኢልሀም ትሰጣታለህ?»

«ማኅተም እኮ ነው ጋሼ! በእሱ የተመታ ወረቀት ሁሉ እኔ እንዳልኩት ነው የሚቆጠረው። ወንድሜም ቢሆን አልሰጠውም።»

«ስለማትወዳቸው ነው?»

«ምን አገናኘው?»

«እንግዲያው የኢልሀምም ኢሜይል ማኅተሟ ነው። ዩኒቨርሲቲው መታወቂያዋን አይቶ ይሰጣታል፤ ከዚያ የወጣ ቃል የእሷ ቃል ነው። የግሉን ግን አንተ በስሟ እንደከፈትከው፣ ጠላቷም ሌላ በስሟ ሊከፍት ይችላል። ዛሬ አንተ ከልምምድ ልታስቀራት ሞከርክ፤ ነገ ደግሞ ማንም ተነስቶ ከትምህርቷ ያሰናብታታል።»

ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የዋዛ ተከራካሪ አልነበረም።

«ማኅተም ወረቀት ላይ ይመታል እንጂ ከሰው መልእክት አይቀበልም» አለኝ። «ኢሜይል ግን ይቀበላል። እኔን ያስፈራኝ ከእሷ የሚወጣው አይደለም፤ ወደ እሷ የሚገባው ነው።»

እውነቱን ነው። ለዚህ የሚሆን መልስ እየፈለግሁ ሳለ በሩ ተከፍቶ ተማሪዎች መውጣት ጀመሩ። ኢልሀም ከጀምስ ጋር ጎን ለጎን እየተራመደች ትመጣለች፤ እየሳቀችም ነበር። አብራር ብድግ አለ። እጁን ያዝኩት።

ጀምስ ግን ገና ከሩቅ እጁን አንስቶ በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለው። «ማሌ አብራር! ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው እንዴ?» ብሎ ጨበጠው። «ኢልሀም በጣም ጎበዝ ነው። ማታር እናቴ አልጋ አዘጋጅቷል፣ ለቡድናችን ሴቶች፣ ለኢልሀምና ለኛዴንግ። እኔ ከወንዶች ጋር ጤና ጣቢያ ነው የምተኛው። እዚያ ሴት ወንድ ብቻ ካየ ያፍራል፣ ቤት ይወልዳል፣ ብዙ ደም ይፈሳል። ኢልሀም ካለ ግን ይመጣል። እናቴ ‹ቶሎ አምጣት› ይላል።»

አማርኛው ወንድና ሴት ይቀላቅል እንጂ ነገሩ ጥርት ያለ ነበር። ሰላምታውን ጨርሶ ባጃጅ ይዞ ሄደ። አብራር የተጨበጠ እጁን እያየ ቀረ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው ኢልሀም። «ሱቁስ?»

ይለባብሳል ብዬ ነበር፤ አልለባበሰም። «ኢልሀም፣ ማታር አልሄድም ብዬ በስምሽ ለጋሼ ጽፌያለሁ» አላት።

አልጮኸችም። ሻርፗን አስተካከለች። «መቼ?» አለች።

«ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት ለማታር የሚሆነኝን ቀሚስ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ጨርቁን አንተ ነህ መርጠህ ያመጣህልኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ስልክሽን አምጪ ብትለኝም እሰጥህ ነበር። ስሜን ግን ሳልሰጥህ ወሰድከው። በስሜ አንተ ከተናገርክ እኔ በምን ልናገር?»

እኔ መሄድ አሰብኩ፤ የባልና የሚስት ነገር ነው። ኢልሀም ግን «ቲቸር፣ አይሂዱ፤ የሚመለከትዎትም አለ» አለችኝ።

አብራር ወደ እሷ ቀረብ አለ። «አፉ በይኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለጋሼም አስተካክላለሁ። ግን አልዋሽሽም፤ እኔ የማላየው ኢሜይል ሲኖርሽ መታገሥ የምችል አይመስለኝም።»

«በኢሜይል የሚመጣልን ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው። «የወላድ ጉዳይ ነው። ይህች እናት እንዲህ ሆነች፣ ሰውነቷ ላይ ይህ ተገኘ፣ ምን ታደርጊ ነበር ተብለን እንጠየቃለን። ስሟ አይጻፍም፤ ግን ጋምቤላ ትንሽ ናት፣ ዕድሜዋና ሰፈሯ ከታወቀ ማን እንደሆነች ለማወቅ አያስቸግርም። በአንተ ስልክ በሚገባው ሲመጣ እያፈርኩ ቶሎ ቶሎ አጠፋው ነበር። አንተ ደግሞ አጠፋችብኝ ብለህ ትቆጣለህ።»

«ያ ነበር የምታጠፊው?»

«ያ ነበር። በል እንግዲህ፣ ነገ አላህ ብሎ እኔ ስወልድ ስለ ሰውነቴ የተጻፈውን ነገር የአንዲት ተማሪ ባል ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልኩ ቢያነበውስ?»

የአብራር ደም ሥር በግንባሩ ላይ ተገተረ። «ማን ነው እሱ? ማን አባቱ ነው የሚያነበው?»

«አንተ ነሃ» አለችው።

አብራር ወደ ኢልሀም ስለሚገባው መልእክት ያነሳብኝ ጥያቄ፣ እኔ መልስ ያጣሁለት፣ በሚስቱ ተመለሰ፤ ያውም በራሱ ቅናት። የእሱን ሚስት ሌላ ሰው እንዳያይ የሚፈልገው ልቡ፣ የሌላውን ሰው ሚስት እሱ ሊያይ እንደማይገባው ያን ጊዜ ገባው። ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይህ ኢሜይል የት ነው የሚሰጠው?»

«ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ።»

«ሳይዘጋ እንድረስ» አለ።

ሦስታችንም ገባን። ሠራተኛው የኢልሀምን መታወቂያ አየና ፓስዎርድ እንድትጽፍ ወንበሩን ለቀቀላት። ኢልሀም ጣቷን አንስታ ወደ ባሏ ተመለከተች። አብራር ማንም ሳይነግረው ዞሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አደረገ። ጨርሻለሁ እስክትለው ድረስ ውጭ ያለውን ባዶ ሜዳ ሲያይ ቆየ። ለአንድ ቀናተኛ ሰው ያ ምን ያህል ከባድ እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ።

ከአዲሱ ኢሜይሏ የመጀመሪያው መልእክት ለእኔ ደረሰኝ። «ቲቸር፣ ያለፈው መልእክት የእኔ አይደለም። ማታር እሄዳለሁ» ይላል። አብራርም ሳንጠይቀው አሮጌውን ኢሜይል ከስልኩ አጠፋ።

ይህን የምጽፈው አብራርን ላሳጣው አይደለም፤ ፈቅዶልኛል። የጻፍኩት ይህ የኢሜይል ደንብ ተማሪን ለማስቸገር የወጣ የሚመስላቸው ወላጆችና ባሎች ስላሉ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ እንደሚያስቸግር አልክድም፤ ለዚህም ማስታወቂያውን በሰሌዳ መለጠፋችንን አልተውንም። ጥቅሙ ግን ከችግሩ ይበልጣል። ውጤትም ሆነ የፈተና ለውጥ ለባለቤቱ ብቻ ይደርሳል። ስልኩ የጠፋበት ተማሪ መታወቂያውን ይዞ መጥቶ ኢሜይሉን መልሶ ያገኛል። መምህር ነኝ እያለ ተማሪ የሚያታልል ሰው ከየት እንደጻፈ ወዲያው ይለያል። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ያሉ ድርጅቶች ተለማማጅ ሲፈልጉ በዚያው አድራሻ ይጠራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው፣ በተለይም ተማሪዋ፣ ለራሷ ጉዳይ በራሷ ቃል ትናገራለች።

ይህን ሁሉ አሁን ከእኔ በተሻለ የሚያስረዳው አብራር ነው። ልጁ ፈሪዳ ዩኒቨርሲቲ የገባችለት ጎረቤቱ ሱሌማን «ፓስዎርዷን እኔ ልያዝላት» ሲል ሰምቶ፣ «ማኅተምህን አምጣና እኔ ልያዝልህ እስቲ!» ብሎ ሱቁ በር ላይ ሲሞግተው ነበር።

ኢልሀም ማታር ከወረደች በኋላ ለትራስ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ሱቁ ገባሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ቀናት አልፈዋል፤ አብራር ከስቷል። ጨርቁን እየለካልኝ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሜትሩን ጥሎ አነሳው። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ የእሷም ድምፅ ተሰማኝ።

«ከማን ጋር ነበርሽ?» አላት፣ ገና ሰላም ሳይላት።

«ከጀምስ ጋር» አለችው። «በጀልባ ያመጧት እናት ነበረች፤ ምጡ ጠንቶባት። አማርኛ አትችልም። እሱ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ እያስተረጎመልኝ እኔ አዋለድኳት።»

የአብራር ፊት እንደ ድሮው ሲለዋወጥ አየሁት። ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ምናልባትም አይለቀውም። ባንኮኒውን በእጁ ጨበጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ አንድ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ፣

«እናቲቱስ ደህና ናት?» አላት።

«ደህና ናት። ሴት ልጅ ወለደች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብራር። ከዚያ እሷ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ጀልባው፣ ስለ ሕፃኗ፣ የጀምስ እናት ስላበሏት ዓሣ። እሱ ምንም ሳያቋርጣት ሰማት። መሐል ላይ አንድ ነገር አላት፤ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ኢልሀም ግን ከዚያ ማዶ ከልቧ ስትስቅ ሰማኋት።