ስለ ድልድዩ ብረት የቀረበ ጥያቄ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቀን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በድሬ ዳዋ የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ ተከትዬ ስሄድ፣ ከምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። የጠሩኝ አቶ ገብረወልድ ነበሩ። እኒህ ሰው ሠላሳ ዓመት በጣቢያው የጭነት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ከጣቢያው አልወጡም፤ በየቀኑ እዚያች ሻይ ቤት ተቀምጠው የገባውንና የወጣውን ፉርጎ ካልቆጠሩ እራት አይበላላቸውም።

«መምህር፣ ና እስቲ ፍረደን» አሉኝ። «ይህ ያስተማርከው ልጅ ሚኒስትር ካልከሰስኩ ብሏል።»

«ክስ አልወጣኝም ጋሽ ገብረወልድ፤ ምክር ቤቱ ይጠይቃቸው ነው ያልኩት» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት እየሣቀ።

ወጣቱ የነጋዴው የሰማታር ልጅ አብዲራህማን ነበረ። አዲስ አበባ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ ከተቀጠረ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእኅቱ ሰርግ ፈቃድ ወስዶ መምጣቱ ነበር።

የሚከራከሩበት ነገር ለከተማው ሰው አዲስ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ በጋውን አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም እንደ አውራ ጎዳና ይሄድበታል። ክረምት ሲመጣ ግን ከተራራው የወረደ ጎርፍ ይሞላውና ወዲያ ያለ ወዲያ፣ ወዲህ ያለ ወዲህ ይቀራል። በላይኛው ሰፈር የነበረችውን የእግር ድልድይ ጎርፍ ከወሰዳት ሁለት ክረምት አልፏል። ለአዲሱ ድልድይ የሚሆን ብረት ከጅቡቲ መጥቶ በጣቢያው ግቢ ተደርድሯል፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር «ብረቱ ይውጣ» የሚል ወረቀት ባለመላኩ አሥራ አራት ወር ሙሉ ፀሐይ እየመታው ቆየ። የአቶ ገብረወልድ ልጅ ማዘንጊያ ከወንዙ ማዶ ተድራ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በነሐሴ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ በወዲህ በኩል ነው። ሽማግሌው ብረቱን በየቀኑ ሲያዩ የሚያስቡት ይህንኑ ነበር።

«እኛ ዝም አላልንም» አሉኝ። «በጥቅምት የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስፈርሜ ሦስት ገጽ ሙሉ ለሚኒስትሩ ጻፍኩ።»

«መልስ መጣ?» አልኳቸው።

አቶ ገብረወልድ ወደ ጣቢያው በር ዞረው የሚያዩት ነገር ያገኙ መሰሉ። ግልባጩ በአብዲራህማን እጅ ነበርና እሱ አነበበልኝ። አንደኛው ገጽ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው የሚኒስትሩን አስተዋይነትና የአባቶቻቸውን ደግነት ያመሰግናል። ሦስተኛው ዕድሜና ጤና ይመኛል። ከታች በኩል፣ ከፊርማው በላይ፣ «ስለ ድልድዩም ነገር ክቡርነትዎ የሚያውቁት ስለ ሆነ በብዙ አናደክምዎትም» ይላል። ከሚኒስቴሩ የመጣው መልስ ደግሞ ሁለት መስመር ነበረ፤ «ክቡር ሚኒስትሩ በላካችሁት የምስጋና ደብዳቤ እጅግ የተደሰቱ መሆናቸውን እንገልጻለን።»

እኔም ሣቄን መያዝ አልቻልኩም።

«ሣቁ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ጨዋ ሰው ፍላጎቱን እንደ ገበያ ዕቃ አይዘረጋም። ሰሚው አስተዋይ ከሆነ ይረዳዋል።»

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ደብዳቤውን የሚከፍተው ሚኒስትሩ አይደለም» አለ አብዲራህማን። «በቀን ሁለት መቶ ደብዳቤ የሚለይ ጸሐፊ ነው። ምስጋና ካየ ከምስጋና ጋር ያኖረዋል። በምክር ቤቱ ሥርዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደራሴያችን ጥያቄውን በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ይሰጣል፤ ጥያቄው ከአጀንዳው ይገባል፤ ለሚኒስቴሩም አስቀድሞ ይላክለታል። ቀኑ ሲደርስ ሚኒስትሩ ወይም ምክትላቸው መጥተው ይመልሳሉ። የተናገሩትን እኛ እንጽፈዋለን። ከተጻፈ በኋላ አላልኩም ማለት አይቻልም።»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም? ሚኒስትሩ የተሾሙት በግርማዊነታቸው ነው።»

«ሕገ መንግሥቱንም የሰጡት ግርማዊነታቸው ናቸው። ምክር ቤት እንዲጠይቅ ባይፈልጉ ምክር ቤት ለምን ያቆማሉ?»

በዚህ መካከል ሃሊሞ መጣች። ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ፓፓያ የምትሸጥ፣ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የማዘንጊያ ጎረቤት ናት። ለሻይ ቤቱ ያመጣችውን ሎሚ አስረክባ ቅርጫቷ ላይ ተቀመጠች።

«አቦ ገብረወልድ፣ አንተ ዛሬም ስለ ብረቱ ነው?» አለች። በድሬ ዳዋ «አንተ» ስድብ አይደለምና አቶ ገብረወልድ ቅር አላላቸውም። «እኔ አምና ወደ ገበያዬ መሻገር አቅቶኝ አራት ቀን በዚህ በኩል ታግጄ ፓፓያዬን ለፍየል ሰጠሁ። ፍየሎቹ አመሰገኑኝ። አንተ ሚኒስትሩን እንዳመሰገንከው ማለት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ልጅህ ጠርታኛለች። ምጥ ከመጣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ አሻግርሻለሁ ብያታለሁ። ዋላሂ አዝላታለሁ፤ ግን ጎርፉ የኔን ጉልበት አያውቀውም።»

 አቶ ገብረወልድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የምፈራው ለራሴ አይደለም» አሉ። «ሚኒስትሩ በሰው ፊት ተጠይቀው ቢቆጡና ብረቱን ለሌላ አገር ቢሰጡትስ? ያን ጊዜ ልጄን የበደልኩ እኔ አይደለሁም?»

ይህ ፍርሃት የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ብዙ ደጋግ አባቶቻችን ባለሥልጣን ከተጠየቀ ይቆጣል ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ደጅ ይጠናሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። አብዲራህማን ግን ሊሟገታቸው አልሞከረም። ወንበሩን አስጠግቶ ጠየቃቸው።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ በሥራ ዘመንዎ ፉርጎ ሲጠፋ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ቀላል ነው። ወደ ተላከበት ጣቢያ እጽፋለሁ። ቁጥሩ ይህ የሆነ ፉርጎ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ወደ እናንተ ተነሥቷል፤ የት ነው? እላለሁ።»

«አለቃው ከእርስዎ በላይ ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ? እኔ የጭነቱ ጸሐፊ ነኝ።»

«የሚቆጣ አልነበረም?»

«ስለምን ይቆጣል? መዝገቡን አይቶ ይመልሳል። የሚቆጣውማ ፉርጎውን ያልተከታተለው...»

ነገሩን ሳይጨርሱ አቆሙ። ሃሊሞ በጉልበቷ ነካ አደረገቻቸውና፣ «ጨርሰው እንጂ» አለች።

«ጨርሼዋለሁ» አሉ አቶ ገብረወልድ ፈገግ ብለው። «ወረቀት አምጣ፣ ልጄ።»

ሥራው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። አቶ ገብረወልድ ከኮታቸው ኪስ ማስታወሻ ደብተር አወጡ፤ ሃያ ስድስት ብረት፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ሰባት መድረሱ፣ የጭነቱ ወረቀት ቁጥር፣ ሁሉም ተጽፎበታል። ጡረተኛ ሆነው ይህን ለምን እንደ ጻፉት ብጠይቃቸው፣ «ሳልጽፍ ማየት አልለመድኩም» አሉኝ። ክርክር የተነሣው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው «በማይነጥፍ ቸርነትዎ» የሚል ቃል እንዲገባ ፈለጉ።

«ይህን እንተወው» አለ አብዲራህማን። «ቸርነት ካልነው ድልድዩ ስጦታ ይሆናል። ስጦታ ዘገየ ብሎ የሚጠይቅ ማነው? ይህ ግን ቃል የተገባበት ሥራ ነው።»

«እሺ፤ ሰላምታውን ግን አልተውም።»

«ሰላምታው ይኑር። አንድ መስመር።»

ሃሊሞም የፓፓያዋ ነገር ይጻፍልኝ አለች። አብዲራህማን እንደራሴው በቃል እንዲናገረው አደርጋለሁ ብሎ ለብቻው ጽፎ ያዘላት። ጥያቄው በሰባት መስመር አለቀ፤ ብረቱ መቼ እንደ ደረሰ፣ ለምን እንዳልወጣ፣ ድልድዩ በስንት ቀን እንደሚቆም ይጠይቃል። ምክር ቤቱ በሰኔ መጨረሻ ስለሚዘጋ አብዲራህማን ሰርጉ እንዳለቀ በማግሥቱ ባቡር ይዞት ሄደ።

በሰኔ መጀመሪያ የአብዲራህማን ደብዳቤ ደረሰኝ። ሻይ ቤት ወስጄ ለአቶ ገብረወልድና ለሃሊሞ አነበብኩላቸው። ጥያቄው በጉባኤው በተነበበ ጊዜ የመጡት ምክትል ሚኒስትሩ ነበሩ። «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ፣ እንደራሴያችን ተነሥቶ፣ «ብረቱ ድሬ ዳዋ ከደረሰ አሥራ አምስት ወር ሆኖታል፤ የቀረው ጥናት ምንድን ነው?» አለ። ቀጥሎም የአንዲት ነጋዴ ፓፓያ በጎርፍ ምክንያት የፍየል ምሳ መሆኑን ተናገረ። አዳራሹ ሣቀ፤ ምክትል ሚኒስትሩም ሣቁ፤ የሳምንት ጊዜ ጠየቁ። በሳምንቱ ተመልሰው፣ ወረቀቱ ሳይፈረም ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር መቆየቱን እንዳላወቁ፣ አሁን ግን መፈረሙንና ድልድዩ እስከ ሐምሌ ሃያ እንደሚቆም ለቃለ ጉባኤው ተናገሩ። ባይጠየቁ ኖሮ ነገሩን ሳያውቁት ይቀሩ እንደ ነበርም አልሸሸጉም።

«አልተቆጡም?» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«አመስግነዋል ይላል» አልኳቸው።

«የኔ ፓፓያ ቃለ ጉባኤ ገባ» አለች ሃሊሞ፣ ለሻይ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ እየነገረች።

ድልድዩ ሐምሌ ሃያ ሁለት ቆመ። አቶ ገብረወልድ ሃያ ስድስቱንም ብረት አንድ በአንድ ቆጥረው ሳይጨርሱ አላፊ አግዳሚ እንዲሻገር አልፈቀዱም። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሲያገሳ፣ ማዘንጊያ በባሏና በሃሊሞ ትከሻ ተደግፋ በእግሯ ተሻገረች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ወንድ ልጅ ወለደች።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሆነውን ለአንባቢ ልንገር። ሰው አቤቱታ ሲኖረው መጀመሪያ ቀኑንና ቁጥሩን ይጽፋል፤ ደጅ በመጥናት የሚያልፈው የሥራ ቀን ተርፎለታል። ሹሙም ከየቢሮው ጓዳ የተኛውን ወረቀት ሌላ ሰው እያየለት ስለ ሆነ ከመደናገር ይድናል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ደግሞ ድልድይ ሊቀር ነበር። ጥያቄ ባለሥልጣንን አያዋርድም፤ ሥራውን ያከናወነ ባለሥልጣን በመልሱ ይከበራል።

በመስከረም አብዲራህማን ፈቃድ ወስዶ ሲመጣ አቶ ገብረወልድ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ጣቢያው ድረስ ሄደው ተቀበሉት። ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨረሱና ጠየቁት።

«እንደራሴያችን አምና ከስብሰባው ስንት ቀን ቀረ?»

«እሱን ደግሞ ምን ሊያደርግልዎ ነው?»

«የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «መዝገቡን አይተህ በጽሑፍ መልስልኝ።»