አምፖሉን ማን ቀየረው?

አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በሰባ አንድ ዓመታቸው ሬዲዮ ጣቢያ እየደወሉ አባባል ማሰማት የጀመሩት ወይዘሮ እታገኘሁ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ፀዳለ ፊታቸው ቆማለች።

ፀዳለ፦ አትደውዪም አልኩሽ፣ አትደውዪም! ስልኩን አምጪው እማዬ።

እታገኘሁ፦ እየጠበቁኝ እኮ ነው። ጋዜጠኛው ባለፈው "የቅዳሜዋ ገጣሚያችን" አለኝ።

ፀዳለ፦ ገጣሚ! በሰባ አንድ ዓመትሽ!

እታገኘሁ፦ ታዲያ መቼ ልጀምር? አባትሽ እያለ አፌን የምከፍተው ለጉርሻ ብቻ ነበር።

ፀዳለ፦ አባዬን ተዪው፣ ነፍሱን ይማረው። ስለ ውሃው ስትናገሪ ዝም አልኩሽ።

እታገኘሁ፦ "ውሃ ሲመጣ ጎረቤት ይጠፋል፤ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤት ይመጣል።"

ፀዳለ፦ ይኸው ፎቁ በሙሉ አኩርፎናል።

እታገኘሁ፦ ጀሪካን ይዞ ነው የሚያኮርፈው? ትናንትም ሞልቼ ሰጥቻለሁ።

ፀዳለ፦ የታክሲ ሰልፉንም ዝም አልኩ።

እታገኘሁ፦ "ሰልፍ ላይ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ታክሲው እስኪመጣ።"

ፀዳለ፦ እሺ፣ እሱስ እውነት ነው። የአምፖሉ ግን ምን ይባላል?

እታገኘሁ፦ "ቤታችን አንድ ወንድ አለ፤ አምፖል ሲቃጠል ግን እንግዳ ይሆናል።"

ፀዳለ፦ አገር በሚሰማው ሬዲዮ! መሥሪያ ቤት ይርጋን "እንግዳው" እያሉ ነው የሚጠሩት። ባሌ ነው እኮ!

እታገኘሁ፦ ስሙን አልጠራሁም።

ፀዳለ፦ እዚህ ቤት ስንት ወንድ አለ?

እታገኘሁ፦ አምፖል ሲቃጠል? አንድም።

ፀዳለ፦ ቀልዱን ተዪኝ! በጣም ተቆጥቷል። "ወይ ሬዲዮውን ይተዉ፣ ወይ ናዝሬት ልጃቸው ጋ ይሂዱ" ብሏል።

እታገኘሁ፦ ይርጋ ነው እንዲህ ያለው?

ፀዳለ፦ አዎ። እኔማ ምን ቸገረኝ።

እታገኘሁ፦ ስሚኝ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ የእገሌ ሚስት፣ የእገሊት እናት ስባል ኖርኩ። አሁን አንድ የማላውቀው ልጅ "ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ይበሉ እንስማዎት" ሲለኝ ደስ ይለኛል። በጣም ደስ ይለኛል። እሱን አትንጠቂኝ።

ፀዳለ፦ አንጀቴን አትብዪኝ እንግዲህ። ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የይርጋ ነው አልኩሽ።

እታገኘሁ፦ እስኪ የኮሪደሩን መብራት አብሪው።

ፀዳለ፦ ተቃጥሏል አይደል እን... እንዴ! ማን ቀየረው?

እታገኘሁ፦ ይርጋ። ጠዋት፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ። እየሳቀ ቀየረውና፣ ከወንበሩ ሳይወርድ "የዛሬውስ ስለ ማን ነው?" አለኝ።

ፀዳለ፦ ...ምን አልሽው?

እታገኘሁ፦ ስለ ሚስትህ ነው አልኩት። "ልጄ ደጉን ነገር ራሷ ትናገራለች፤ ክፉውን በባሏ አፍ ትልካለች።"

ፀዳለ፦ እማዬ! እሱስ ምን አለ?

እታገኘሁ፦ ካርድ ሞላልኝ።