የቁልፍ ሠሪው የቤት ቁልፍ

እኔና ቁልፍ ሠሪው አራት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሠርተናል፤ እኔ በልብስ ስፌት መኪናዬ፣ እሳቸው በሞረዳቸው። ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ነገር ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ያገናኘን የመድኃኒት ቤት ሰልፍ ነው። አንድ ማለዳ ከኋላዬ ቆመው ይቁነጠነጣሉ።

«ልጄ፣ እባክህ ተራህን ስጠኝ። ቆልፌባት ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«ማን ላይ ነው የቆለፉት፣ አባባ?»

«ባለቤቴ ላይ ነዋ! ዳሌዋ ከተሰበረ ስምንት ወሩ። ደግፈው ካላነሷት ከአልጋ አትወርድም።»

ተራዬን ለቀቅሁላቸው። ማስታገሻውን ገዝተው ሲወጡ ግን የመጣሁበትን ትቼ ተከተልኳቸው።

«ቀኑን ሙሉ ሱቅ ሲውሉ እማማ እንደተቆለፈባቸው ነው የሚውሉት?»

«ታዲያ ከፍቼው ልሂድ? ምሳ ሰዓት እመለሳለሁ፤ ውሃዋን አጠገቧ አስቀምጣለሁ። ደግሞ በሩ ብረት ነው፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት። እንኳን ሌባ፣ ጭስ አይገባበትም።»

ሰው ፊት ብዙ መናገር አልወድም፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለ ክበባችን ነገርኳቸው። የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ክበብ ሃያ ሦስት አባላት አሉት፤ ሹፌር አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የጽዳት ሠራተኛ አለች፣ አሁን ማስታገሻ የሸጠላቸው ባለ መድኃኒት ቤትም አባል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ተሰብስበን ሻይ እንጠጣለን፤ በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ብቻቸውን የሚውሉ ሕመምተኞችን ተራ ገብተን እንጠይቃለን።

«ቤተሰቡ አንድ ትርፍ ቁልፍ ይሰጠንና . . .» ስል በመንገዱ መሐል ቀጥ አሉ።

«ቁልፍ?»

«አዎ፣ ትርፍ ቁልፍ።»

«ለካስ ተራህን የለቀቅህልኝ ለዚህ ነው!»

«ኧረ አባባ፣ በጭራሽ . . .»

«ስማ ልጄ፤ አርባ ዓመት ቁልፍ ስቀርጽ ምን ያላየሁት አለ? ባል የሚስቱን ሳጥን ቁልፍ ሳሙና ላይ አትሞ አምጥቶልኛል። የእህት ልጅ የአክስቱን አምጥቷል። ሁሉም ሲመጡ ፊታቸው እንዳንተ የዋህ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር!» ብለውኝ ሄዱ።

የሚያሳዝነው፣ ውሸት አልተናገሩም። ሥራቸው የሰውን ክፉ ጎን በየቀኑ እያመጣ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጥላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በጊዜ ብዛት ደጉንም በዚያው ዐይን ማየት ይጀምራል።

በማግስቱ ነገሩን ለሲስተር ነገርኳቸው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከስፌት መኪናዬ አስነሥተው ወደ ቁልፍ ቤቱ ይዘውኝ ሄዱ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ምን ያመጣዎታል?» አሉ ቁልፍ ሠሪው፣ ሞረዳቸውን ሳያቆሙ።

«ስለ ባለቤትዎ ነው የመጣሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ዳሌው የተሰበረ ሰው ብቻውን ሲውል ሊነሣ ይሞክራል፤ ሲሞክርም ይወድቃል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ረፋድ ላይ፣ ደግፈን አስቀምጠናቸው፣ ትንሽ አጫውተናቸው እንመለሳለን።»

«በስንት?»

«በነፃ።»

ሞረዱ ቆመ። «እዚህ ላይ ነው የማንስማማው፣ እመቤት! የድካሙን ዋጋ የጠየቀኝ ሰው ቢያታልለኝ እንኳ በምን ያህል እንዳታለለኝ አውቃለሁ። በነፃ ላለኝ ሰው ግን ልኬቱን ከየት ላምጣ? ቤቴን ነው የምትፈልጉት? የሚስቴን ሐብል ነው? ወይስ ነገ ፎቶ አንሥታችሁን ‹እነዚህን ምስኪኖች ረዳን› ልትሉ ነው?»

«ፎቶ አናነሣም፤ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ጥቅማችሁ ምንድን ነው? የለንም ካሉኝ አሁኑኑ ይሂዱልኝ።»

«ለጽድቅ ነው» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሲስተር በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጥቅምማ አለን፤ አልዋሽዎትም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት አበባ ሰጡኝ፤ በነጋታው ስልኬ ጸጥ አለ። ስድስት ወር ሙሉ ‹ሲስተር› ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ። አንድ ቀን ከዳቦ ሻጩ ጋር ወሬ ለማስረዘም ብዬ የማልበላውን ዳቦ ገዝቻለሁ። አሁን ግን ሐሙስ ብቀር ሦስት ሰው ደውሎ ‹ምን ሆነው ነው?› ይለኛል። እኔ የምወስደው ይኸን ነው። ይኼም ልጅ ክበቡ ሲገባ ከሰው ጋር ዐይን ለዐይን አይተያይም ነበር። አሁን ይቀልዳል፤ ቀልዱ ባያስቅም።»

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሊሉኝ ነዋ!»

«ነው እንጂ።»

«መርዙም ሰው ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ሥርዓት ያበጀነውም ለዚሁ ነው። ቁልፉ ባለ መድኃኒት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉን የሚጠብቅ ሰው ግን ቤት አይገባም። የሚገቡት ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። ማንም ብቻውን አይሄድም፤ እኔም ብሆን።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ ሥራቸው አጎነበሱ። ሞረዱ እንደገና ጮኸ፤ እኛም ተሰናብተን ወጣን።

ዓርብ ዕለት ግን አንድ አዲስ ቁልፍ በወረቀት ጠቅልለው ስፌት ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። «እንካ። ከሰኞ ጀምሮ፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ። ከዚያ ሰዓት ውጭ አይሆንም» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልተመቸኝም። እንደዚያ ያለ ሰው በጥቂት ቀን እንዴት ይለወጣል? ዐይናቸው ቁልፉን ተከትሎ ኪሴ ድረስ ገባ። አንድ ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኩ፤ ነገር ግን ሽማግሌ እንዴት ይጠየቃል ብዬ ዋጥኩት። ቁልፉንም ወስጄ ለባለ መድኃኒት ቤቱ ሰጠሁት።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ እኔና ሲስተር ቁልፉን ይዘን በሩ ላይ ደረስን። አንኳኳን። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፦

«ማነው? ወድቄያለሁ! አንሡኝ!»

ቁልፉን ከተትኩት፤ ገባ። ላዞረው ብል እምቢ አለ። ሲስተርም ሞከሩት፤ ያው ነው። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ የተጎዳው ትከሻዬ ነው።

«ሩጥ!» አሉኝ ሲስተር።

ቁልፍ ቤቱ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቁልፍ ሠሪው አንድ ደንበኛ ይዟቸው ጓጉንቸር ይፈታሉ። «ቁልፉ እምቢ አለ!» አልኳቸው።

የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር መሰላችሁ? «ስንት ሰዓት ላይ ሞከራችሁት?» አሉኝ፣ እንደ መርማሪ።

«አሁን ነዋ፣ አራት ሰዓት ላይ! እማማ ወድቀዋል፤ ወለል ላይ ናቸው!»

ጓጉንቸሩ ከእጃቸው ወደቀ። ሱቁን ከነደንበኛው ጥለው ሮጡ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

ስንደርስ ሲስተር በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ አፋቸውን የቁልፉ ቀዳዳ ላይ አስጠግተው፣ «እግርዎን አያንቀሳቅሱት፤ እኔ የትም አልሄድም። እሺ፣ ከዚያስ አባትዎ ምን አሉት?» ይላሉ። ከውስጥ እማማ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ የጋብቻቸውን ታሪክ ያወራሉ። ቁልፍ ሠሪው ቁልፋቸውን አወጡ። ሲስተርን አልፈው በሩን ከፈቱት።

እማማ በአልጋውና በግድግዳው መሐል ወድቀዋል። የውሃው ጆግ ተገልብጦ ቀሚሳቸው ርሷል። ሲስተር ዳሌያቸውን፣ ክንዳቸውን፣ አንገታቸውን ዳሰሱና «አልተሰበሩም፤ ብርዱ ነው የጎዳቸው» አሉ። ለሦስት ደግፈን አልጋው ላይ አወጣናቸው። ወንዶቹ ወጣ ብለን እስክንመለስ ደረቅ ልብስ ተቀየረላቸው።

«ቁልፉ ግን ምን ሆኖ ነው?» አሉ እማማ፣ ትንሽ ሲሞቃቸው።

«ዝጎ ይሆናል» አሉ ባል፣ ግድግዳውን እያዩ።

«ዓርብ የተቀረጸ ቁልፍ ሰኞ ይዝጋል?»

ቁልፍ ሠሪው ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «አንድ ጥርሱን ሆን ብዬ አጎደልኩት። በወጣሁ ቁጥርም የበሩን ቀዳዳ ሰም ቀባሁት። ከሰዓታቸው ውጭ ተደብቀው ሊገቡ ቢሞክሩ በሩ አይከፈትም፣ ሰሙም ተጭሮ ይናገራል ብዬ። አራት ሰዓት ላይ ራሴ መጥቼ ልከፍትላቸው ነበር ያሰብኩት። ደንበኛ ያዘኝ።»

«እነሱን ልታጠምድ ነው እኔን ያጠመድከኝ?» አሉ እማማ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ተኛሁ። ሊያነሡኝ የመጡ ሰዎች ደጄ ድረስ መጥተው ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ በመሐላችን ግን ያንተ ጥበብ ቆሟል።»

«ሌቦች ቢሆኑስ ብዬ እኮ ነው፣ አንቺ ሴት . . .»

«ይሁኑ! ሌባም ቢመጣ ‹መጀመሪያ አንሣኝና ስረቅ› እለው ነበር።»

ሲስተር ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከዚያ ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ጋሼ» አሉ። «ቁልፉን በተቀበልን ዕለት፣ እርስዎ ባሉበት፣ በሩ ላይ መሞከር ነበረብን። ሃያ ሦስት ሰው ሆነን አንዳችንም አላሰብነውም።»

እኔም ያኔ በሆዴ የያዝኩትን ተናገርኩ፤ ዓርብ ዕለት ጠርጥሬ እንደነበር።

«ታዲያ ምላስህን ማን ቆለፈብህ?» አሉኝ እማማ።

ቁልፍ ሠሪው ቀና ብለው ሲስተርን አዩዋቸው። «እንዲህ አድርጌባችሁ ለምን አልተቀየሙኝም?»

«ተቀይሜያለሁ እንጂ! ግን እሳቸውን ወለል ላይ ጥዬ፣ ተቀይሜ የት እሄዳለሁ? ቅያሜዬን ሐሙስ ሻይ ላይ አወራዋለሁ። ክበብ ለዚህም ይጠቅማል።»

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ቅያሜያቸውን አውርተው ሳይጨርሱ ቁልፍ ሠሪው በክበቡ በር ላይ ብቅ አሉ። ሁላችንም ደነገጥን። አባል መሆን እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ባለ መድኃኒት ቤቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሼ፤ የማይከፍት ቁልፍ የሰጠንን ሰው እንዴት አምነን ሰው ቤት እንልካለን?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የብዙዎቻችን ነበር። ባለፈው ሳምንት ተጠርጣሪዎቹ እኛ ነበርን፤ አሁን ደግሞ እኛ ጠርጣሪ ሆነን ተቀምጠናል።

«አትመኑኝ» አሉ ቁልፍ ሠሪው። «እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን ራሴን አላምንም። ግን ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱት ለዚሁ አይደለም እንዴ? ሁላችሁም መላእክት ብትሆኑ ይህ ሥርዓት ምን ይሠራላችኋል? ሥርዓቱ የተሠራው እንደ እኔ ላለው ነው። አንድ ሰው አብራችሁ መድቡልኝ፤ እያየኝ ልሥራ። የቁልፉንም ነገር ለእኔ ተዉት፤ ከእንግዲህ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ሦስት ጊዜ በሩን ያልከፈተ ቁልፍ መድኃኒት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይገባም።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ጥቂት አሰበና ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበላቸው። አብሯቸው እንዲሄድ የተመደበው ሰው እኔ ነኝ።

ይኸው ዓመት ሊሆነን ነው። በክበቡ እጅ የአሥራ አንድ ቤት ቁልፍ አለ፤ ሁሉም ባለቤቱ ፊት የተሞከረ ነው። ቁልፍ ሠሪውና እኔ ዓርብ ዓርብ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ እንጠይቃለን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ እኔ ሻይ አፈላለሁ። እማማ ለብቻቸው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ ለክበቡ ሴቶችም ሹራብ መሥራት እያስተማሩ ነው፤ የሚስቱትን ይሳደባሉ፣ የሚችሉትንም ይሳደባሉ። ቁልፍ ሠሪው ዛሬም ጠርጣራ ናቸው። አዲስ ሰው ሲመጣ የሚጠይቁት ጥያቄ ላብ በላብ ያደርጋል፤ ነገር ግን ከጥያቄው በኋላ ወንበር ይሰጣሉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መጠርጠር ነውር ነው አልላችሁም። ጠርጥሮ በር ዘግቶ መቀመጥ ነው ጉዳቱ። ክበብን የምትጠረጥሩ ኑና ሥርዓቱን መርምሩ፣ ጠይቁ፣ የጎደለውን አሳዩ፤ እኛም እንደ እናንተ ባለ ጠርጣሪ ጥያቄ ተስተካክለናል። በሰፈራችሁም ማን ተቆልፎበት እንደሚውል አንድ ጊዜ ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የብረቱን በር በእግራቸው ተሻገሩ። በአንድ በኩል ባላቸው፣ በሌላው በኩል ደጅ ላይ የተቀበላቸው ባለ መድኃኒት ቤት ደግፈዋቸዋል። ባላቸው «ይበቃል፣ እንመለስ» ሲሉ፣ «እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ» አሉ እማማ። እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ሄድን።