ካታሪና ሰላም ትልዎታለች

የተከበራችሁ አባቶች፣ የተከበራችሁ እናቶች፤ ከሥራ አስፈቅዳችሁ፣ ከሪደርቫልድና ከሮደልሃይም ባቡር ቀያይራችሁ የመጣችሁ ወንድም እህቶቼ፤ ሐጂ ሁሴን፣ ጉልበትዎ እያመመዎት የቆሙት፤ አማርኛው ባይገባችሁም ባርኔጣችሁን አውልቃችሁ የምትጠብቁን ጎረቤቶቹ፤ ሩሐማ፣ የሕሩይ ልጅ፣ ለእኔም እንደ ልጄ፤ መምጣታችሁ ለሕሩይ ክብሩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ውድነሽ እባላለሁ። ከሕሩይ ጋር እዚሁ ጀርመን፣ ሆኽስት፣ በኬሚካል ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። ስለ እሱ ተናገሪ ተባልኩ። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ። ንግግር ፈርቼ አይደለም፣ አፌን ታውቁታላችሁ። የፈራሁት በዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ስልክ ነው። የሕሩይ ስልክ ነው። አላጠፋሁትም። እየተናገርኩ ቢጠራ ምን እንደምሆን አላውቅም።

የሚደውለው ማን እንደሆነ ግማሾቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። እትዬ የሺወርቅ ናቸው፣ ደሴ ያሉት ታላቅ እህቱ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሕሩይ ካረፈ ዛሬ ዓርብ አሥራ አራት ቀኑ። እሳቸው አልሰሙም። ያላሰማኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በሰልፍ ከቆማችሁበት መጥቼ «አደራ ፎቶ አታንሱ፣ ፌስቡክ ላይ አታውጡ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቆይ፣ ከደብዳቤዎቹ ልጀምር። ሕሩይን ያለ ደብዳቤዎቹ መሸኘት አይሆንልኝም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ፍሎማርክት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድን። እኔ የመብራት ሽፋን ስፈልግ፣ እሱ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አነሣ። ውስጡ ደብዳቤ ሞልቶበታል። ሻጩ «ወረቀቱን ጣለው፣ ማንም አያነበውም፣ ቆርቆሮው ግን ጥሩ ነው» አለው። እውነቱን ነው፤ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ጀርመኖቹ ራሳቸው አያነቡትም። ሕሩይ ምን አደረገ? ቆርቆሮውን ለእኔ ሰጠኝና ደብዳቤዎቹን ይዞ፣ የድሮውን ጽሑፍ ማንበብ ሊማር፣ ፎልክስሆኽሹለ በሚሉት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተመዘገበ። አሥራ አንድ ጡረተኛ ጀርመኖችና አንድ የወሎ ሰው። ዓመት ሳይሞላው ከሁሉም በልጦ ያነብ ነበር። ፍራው ክራውዘ፣ እዚያ የቆሙት፣ የሴት አያታቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡና ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል። ፊታቸው እንዴት ቀልቶ እንደነበር አልረሳውም።

የቆርቆሮው ደብዳቤ ግን የፍቅር አልነበረም። የፍርሃት ነበር።

ከዚህ ሩቅ ያልሆነ መንደር ነው። አናጢው ኮንራድና ሚስቱ ካታሪና። ዘመኑ በእነሱ አቆጣጠር 1852 ነው። ድንቹ በየዓመቱ እየበሰበሰ አስቸገራቸው። በመርከብ ተሻገሩ፤ ከዚያ ሸራ በለበሰ፣ በሬ በሚጎትተው ጋሪ ወደ አሜሪካ ምዕራብ፣ ኦሪገን ወደሚባል አገር ተነሡ። ስድስት ወር መንገድ። እኛ «ፈር ቀዳጆች» የምንላቸው፣ በፊልም ፈረስ ላይ ሆነው የሚስቁት ሰዎች። የሚስቅ አልነበረም። ኮሌራ ገብቶባቸው ነበር። ጠዋት በሬ ሲጠምድ የነበረ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበር ነበር።

ካታሪና ለእናቷ በራሷ እጅ ትጽፋለች። «ዛሬ አሥራ አንድ መቃብር አለፍን።» «ዛሬ አሥራ ዘጠኝ።» በመጨረሻው ደብዳቤዋ «ኮንራድ አትቁጠሪ ብሎኛል፣ መቁጠር ትቻለሁ» ትላለች። ከዚያ በኋላ የእሷ ጽሑፍ የለም።

ከዚያ በኋላ ኮንራድ ነው የሚጽፈው። «እናቴ ሆይ፣ ካታሪና ሰላም ትልዎታለች። እጇን ስለሚያማት እኔ እጽፍላታለሁ።» በሚቀጥለው ዓመት፦ ካታሪና ሰላም ትልዎታለች፣ የፖም ችግኝ ተከለች። በሚቀጥለው፦ ካታሪና ሰላም ትልዎታለች፣ ላሟ ወልዳላታለች። አሥራ አንድ ዓመት! ሕሩይ መነጽሩን አወለቀና «ውድነሽ፣ የሰው እጅ አሥራ አንድ ዓመት ያማል እንዴ?» አለኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራሁት።

ከሥር አንድ ያልተከፈተ ደብዳቤ ነበር። ማሸጊያ ሰሙ እንኳ አልተነካም። ሕሩይ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻ የእኔ ኩሽና ውስጥ፣ በድንች መላጫ ቢላዋ ከፈተው። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ እሱ እንደተረጎመው። «እናቴ ሆይ፣ ቤትዎን ሸጠው ሊመጡ እንደሆነ ጻፉልኝ። አይምጡ። ካታሪና የለችም። ገና ጉዞ ላይ ሳለን ወንዝ ዳር አረፈች። ተኩላ እንዳያወጣት መንገዱ መሐል ቀበርኳት፣ አርባ ጋሪ በላይዋ ነዳንባት። ምልክት አላቆምኩም። ልነግርዎ ፈራሁ። መከሩ ይለፍ አልኩ። በረዶው ይለፍ አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይህ ደብዳቤ ለምን ሳይከፈት ቀረ? አስቡት። አሮጊቷ ተነሥታ ሄዳለች። ልጄን አያለሁ ብላ መርከብ ላይ ወጥታለች። ሕሩይ የት እንደደረሰች ስንት ዓመት ፈለገ። የመርከብ መዝገብ አገላበጠ፣ አሜሪካ ድረስ ጻፈ። አላገኛትም።

ሕሩይ ለኮንራድ አያዝንም ነበር እንዳትሉ። ያዝንም ይናደድም ነበር። አንዱ ደብዳቤ ላይ ኮንራድ «ባዶ መሬት አገኘን» ይልና፣ እታች «የምድጃው አመድ ገና ይሞቃል» ይላል። ሕሩይ ይጮሃል፦ «ባዶ መሬት ላይ ማን ምድጃ አነደደ? የአገሩን ሰዎች አባረው አይደለም እንዴ!» ኮንራድ እነዚያ ሰዎች ይመለሱብኛል እያለ ጠመንጃ ታቅፎ ይተኛ ነበር። የተባረሩት የት እንደገቡ የሚጽፍላቸው አልነበራቸውም። ሕሩይ በየደብዳቤው ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እነሱስ?» ብሎ ጽፏል። ወረቀቶቹ ሩሐማ ጋ አሉ፣ ታያላችሁ።

ያን የታሸገውን ያነበበ ቀን ግን አልተናደደም። «ይሄ ኮንራድ ሐበሻ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ታውቃላችሁ፣ ምክንያቱም አብረን ነው ያደረግነው።

በእኛ አቆጣጠር 1986 ነው። የሕሩይ እናት ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሁላችን ሰምተናል። እሱ አልሰማም። ፈተና አለበት ይለፍ ተባለ። ከዚያ ወረቀቱ ይስተካከል ተባለ። እሱ ሹራብ ይልካል፣ «እናታችን ደህና ናቸው፣ ሹራቡ ልካቸው ነው» የሚል መልስ ይመጣለታል። ማን ነበር የሚጽፍለት? እትዬ የሺወርቅ! በመጨረሻ ጋሼ ወልደማርያም ቤት፣ ሪደርቫልድ፣ ቅዳሜ ማለዳ ጠራነው። ምን ብለን? ኡምጹግ አለ፣ ቤት እንቀይራለን፣ ዕቃ አግዘን ብለን። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። የሥራ ጓንት አድርጎ፣ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መጣ። «የቱ ነው ከባዱ? እሱን ለእኔ ተዉት» እያለ ገባ። አንድም የታሸገ ካርቶን የለም። ሁላችንም ነጠላ ለብሰን ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ገመዱን ከትከሻው አላወረደውም። አንድ በአንድ ፊታችንን አየና «ሹራቡን ማን ለበሰው?» አለ።

ይህን ጥያቄ የሰማ ሰው እንደገና መርዶ ይደብቃል? ይደብቃል። እኔ ደበቅሁ።

ደብዳቤው በተከፈተ ቀን ሕሩይ ቃል አስገብቶኛል። «እትዬን ይቅር ብያታለሁ፣ ፈርታ ነው። እኔ የሄድኩ ቀን ግን ማንም በስሜ አይጻፍ። አንቺ ትነግሪያታለሽ።» እሺ አልኩ። እጄን ቆርቆሮው ላይ አድርጌ እሺ አልኩ።

እሱ ባረፈ ማግስት የእትዬ ልጅ ኪዳነ ከደሴ ደወለልኝ። እናቱ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ገና ሳምንታቸው ነበር። «ሐኪሙ ለወር ያህል እንባ አይንካው ብሏል፤ ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል፤ አደራሽን» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? አደራሽን አለኝ እኮ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ከሩሐማ ጋር እቤቱ ነበርን፣ አነሣሁት። «ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል» አልኳቸው። «እሺ፣ እንግዲያው ይጻፍልኝ፣ ኪዳነ ያነብልኛል» አሉ። ጻፍኩ። «እትዬ፣ ደህና ነኝ፣ አይዞሽ።» ሰኞም ጻፍኩ። ማክሰኞም። ዘጠኝ ጊዜ ጽፌያለሁ። ስለ አየሩ ሁሉ ጽፌያለሁ። ሩሐማ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። «ታንቴ ውድነሽ፣ ቫሩም?» አለችኝ። ለምን? ማለቷ ነው።

ትናንት ጠዋት ኪዳነ ደወለ። እናቱ ለፓስፖርት ፎቶ ተነሥተዋል። «ድምፁ ከጠፋ ፊቱን ልየው፤ ዓይኔ የበራው እሱን ላይበት ነው» ብለዋል።

ወገኖቼ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የአርባ ጋሪ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አሮጊቷ መንገድ ልትጀምር ነው፣ ደብዳቤውን ያልጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ትናንትና ለእትዬ የእድር ዳኛ ደወልኩ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በራቸውን ያንኳኳሉ። ሐኪሙም አብሮ ይሄዳል። ኪዳነ መጀመሪያ ሰደበኝ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ «በሩን እኔ እከፍታለሁ» አለ። ግን እሳቸው ሽማግሌዎቹን አያምኑም። «ትናንት ጽፎልኛል እኮ!» ነው የሚሉት። ዘጠኝ ማስረጃ ሰጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ ኪዳነ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርገዋል፣ የምናገረው እኔ ነኝ። ይረግሙኝ ይሆናል። ይወድቁ ይሆናል። ዓይናቸው ይጠፋ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ? እፈራለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አብራችሁኝ እደሩ።

ሕሩይ፣ አሁን ወደ አንተ ልዙር።

መንገድ መሐል አልቀበርንህም። ምልክት አቁመንልሃል፤ ለጊዜው እንጨት ነው፣ ድንጋዩ ይደርሳል። ስምህ በአማርኛም በጀርመንኛም ተጽፏል፣ የሚፈልግህ እንዲያገኝህ። ይህ አፈር፣ በዚህ አገር ሕግ፣ እንደ ኪራይ ዘመን ተቆርጦለት እንደተሰጠን አውቃለሁ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ማን መጥቶ ያሳድስልሃል ብዬ እሱንም እፈራለሁ። ሩሐማ አለች። እኔም ካለሁ አለሁ።

አሁን አንዴ ታገሠኝ። ነገ አፌ እንዳይተሳሰር እዚህ ሰው ፊት ልለማመደው። ቃሉን እስካሁን በአፌ አላልኩትም፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ።

እትዬ የሺወርቅ፣ ውድነሽ ነኝ። ሲጽፍልዎት የሰነበተው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሕሩይ ሞቷል። ዓርብ ቀበርነው። ፈርቼ ነው የደበቅሁዎት።

ይኸው አልኩት።

ደህና ሁን ወንድሜ። ከባዱን ለእኔ ተዉት እንዳልክ፣ ነገ ከባዱን እኔ አነሣዋለሁ። ከእንግዲህ በስምህ ሰላም አልልም። ስምህ ከዛሬ ጀምሮ የሚጻፈው እዚህ ላይ ብቻ ነው።