ጠመኔ ያልነካው ሥራ

ድምፄ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የጮኸ ጉሮሮ አንድ ቀን እምቢ ማለቱ አይቀርም። ክሊኒኩ ደርሼ ካርድ አወጣሁና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ ስል፣ ጎረቤቴ አናጢው ግራ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከአራት ቀን በፊት መሮ አምልጧቸው አመልካች ጣታቸውን ቆርጧቸው ኖሯል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እኔ በሹክሹክታ፣ እሳቸው በጩኸት። ዕድሜ ልኩን መጋዝ ሲሰማ የኖረ ሰው የራሱን ድምፅ መለካት ይረሳል።

«ልጄ ቅዳሜ ሊሄድ ነው፣ መምህር» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙያ አስተምሬው አሁን ፊቴን ማየት ተጸየፈ። ስናገረው አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው። ኮርቷል!»

«ምን አጣላችሁ?»

«ምንም። ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

ወዲያው ተጠሩ። ነርሷ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ እኔንም አይታ «መምህር፣ አብረው ይግቡ፤ ጉሮሮዎን አያለሁ» አለችኝ። ከትናንት ጀምራ ስትሠራ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

ፋሻውን እየፈታች «ጋሼ፣ እውነት ሊሄድ ነው?» አለቻቸው።

«ይሂድ! ምን ላድርግ?»

«ሥራው ጥሩ እንደሆነ ነግረውት ያውቃሉ?»

አናጢው ከልባቸው ተገረሙ። «ምን ብዬ? ጉድለት ያየሁበትን ቦታ በጠመኔ አከብበዋለሁ። ጠመኔ ያልነካው ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔንም አለቃዬ እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ። ከአሥር በር ዘጠኙን ሳልነካለት አልፋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ?»

«እሱ ይህንን ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም? ሞኝ ነው እንዴ?»

«እሱ የሚያየው ጠመኔውን ነው እኮ፣ ጋሼ። ያልተከበበውን ማን ልብ ይላል?»

«የዛሬ ልጆች ደግሞ ካልተሞገሳችሁ እህል አይወርድላችሁም። ሙገሳ ሠራተኛ ያበላሻል። እንደምወደው ያውቃል፣ በቃ።»

ልፈርድባቸው አልቻልኩም። እኔስ የተማሪ ደብተር ላይ ስህተቱን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ?

ነርሷ መልስ ሳትሰጥ ወደ ቁስሉ አጎነበሰች። ግንባሯን ቋጠረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ በረጅሙ ተነፈሰች። የአናጢው ፊት ሲገረጣ አየሁ።

«መግሏል እንዴ?» አሉ። ዝም። «ልጄ፣ ሊቆረጥ ነው? እውነቱን ንገሪኝ! ያለዚህ ጣት እኮ መላጊያ አልይዝም!»

ቀና አለች። «ኧረ ጋሼ! ቁስሉማ እየደረቀልዎ ነው። እኔ ወገቤን አሞኝ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጥኩም።»

«ታዲያ ምነው አትናገሪም? ልቤን ቀጥ አደረግሽው እኮ!»

ነርሷ ጥቂት አየቻቸው። «እኔም ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ሁለት ደቂቃ ፊቴን አይተው ጣትዎን አስቆረጡ። እሱ የእርስዎን ፊት አሥራ አንድ ዓመት ነው ያየው።»

አናጢው ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ሰው ያልነውን ብቻ አይደለም የሚሰማው» አለች ፋሻውን በቀስታ እየጠቀለለች። «ፊታችንን ያነባል፣ የድምፃችንን ቁጣ ይሰማል። ዝም ስንለው ደግሞ የጎደለውን በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ደግ ነገር አይሞላም። እሱም አንገቱን የሚደፋው ንቆዎት ላይሆን ይችላል። ጠይቀውታል?»

«አልጠየቅሁትም» አሉ። ሳይጮሁ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

ነርሷ የእኔንም ጉሮሮ አይታ ድምፄን እንዳሳርፍ ነገረችኝና ከአናጢው ጋር አብረን ተመለስን። የሥራ ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርገው «ይግቡ መምህር፤ ብቻዬን ከሆንኩ አፌ ይተሳሰራል» አሉኝ።

ልጁ የቁም ሳጥን መሳቢያ እየገጠመ ነበር። አባቱን ሲያይ አቀረቀረ። እሳቸው መሳቢያውን ሳቡት፣ መለሱት፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

«ይሄ መሳቢያ ጥሩ ነው» አሉ።

ልጁ ደንግጦ መሳቢያውን አወጣና ገለባበጠው። «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«የትም። ጥሩ ነው አልኩህ። ከኔ ሥራ ይበልጣል።»

«እንዳልሄድ ብለው ነው?»

«ሂድም ቅርም፣ መሳቢያው ጥሩ ነው። ከዚህ በፊት የሠራኸውም ጥሩ ነበር። አልነገርኩህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጁ የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ዓይንዎን የማላየው ቀጥሎ የሚያከብቡትን ፈርቼ ነው» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አናጢውም ምን እንደሚያደርጉ ሲጨንቃቸው አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ወጣሁ።

ቅዳሜ ልጁ ሄደ፤ ለአዲሱ አሠሪ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። እኔም ድምፄ ሲመለስ ደብተር ሳርም ትክክል ስለሆነውም አንድ መስመር መጻፍ ጀመርኩ። ድካሙ እንዳለ ነው፤ ግን ተማሪዎቹ አሁን ሳይፈሩ ይጠይቁኛል፣ እኔም ብዙ አልጮህም። ሰው ስለ እሱ የምናስበውን ከአፋችን ቢሰማ፣ ስንቱ ቅያሜ ሳይፈጠር ይቀር ነበር!

ባለፈው ሳምንት አናጢውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የሁለት ሰው ሥራ ብቻቸውን ይዘው ከስተዋል። ስለ ልጁ ጠየቅኳቸው።

«ትናንትም ደወለ» አሉኝ። «መምህር፣ በአንድ ጠረጴዛ አሥራ አንድ ዓመት ስንሠራ ካወራነው በዚህ ወር በስልክ ያወራነው ይበልጣል።»